ሁለቱ ቀርፋፎች

«እትዬ ሳጂዳን አስቀድመሽ እንደምታወጪያት አውቄ ነበር» የሚለውን መልእክት ቀድሪያ ያነበበችው ጠዋት የሱቁን በር ከፍታ የጨርቅ ጥቅሎቹን ወደ ደጅ ማውጣት እንደጀመረች ነው። የላከላት ይታያል የሚባል የባሕር ዳር ልጅ ነው። በአካል ተያይተው አያውቁም፤ የሚያገናኛቸው ሁለቱም በስልካቸው የሚጫወቱት የአራዊት ፍልሚያ ጌም ብቻ ነው። ትናንት ተጋጥመው በአጭር ጊዜ አሸንፏታል። ከመልእክቱ ሥር የሚስቅ ፊት አስከትሎበታል፤ ክፋት የለውም፣ የአሸናፊ ቀልድ ነው። ቀድሪያ ግን የአቡጀዲ ጥቅል እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። እትዬ ሳጂዳ ይጁቤ ከተማ የሚኖሩ የአባቷ እኅት ናቸው። ስልክ መደወል እንጂ መልእክት መጻፍ አያውቁም፤ ባሕር ዳርም ዘመድ የላቸውም። ስማቸው በዚያ ልጅ አፍ ውስጥ ምን ይሠራል?

ነገሩ የገባትና ያልገባት በአንድ ጊዜ ነው። በጌሙ እያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት አራዊት ያሠለጥናል። ግጥሚያ ሲጀመር ከስድስቱ አራቱን ይመርጥና ሁለቱን አስቀድሞ ሜዳ ያወጣል፤ ተጋጣሚውም እንደዚሁ። በየዙሩ ሁለቱም ትእዛዛቸውን በድብቅ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ፈጣኑ አውሬ ቀድሞ ይመታል፣ ቀርፋፋው ይከተላል። ብዙ ጊዜ ግጥሚያው የሚያልቀው በመጀመሪያው ዙር ነው፤ የቀረው ማስታመም ነው። ቀድሪያ ለዚህ የመጀመሪያ ዙር ወር ሙሉ ስትለፋ ከርማለች። በመጨረሻ ያገኘችው ብልሃት ይህ ነበር፦ አንዲት ቀጭን ወፍና አንድ ቤት የሚያህል በሬ አብረው ይወጣሉ። ወፏ ነፋስ ታስነሳለች፤ ነፋሱ ከኋላ እየገፋው ያ እንደ ልቡ መራመድ የማይችል በሬ ከሁሉም ቀድሞ ይደርስና የተጋጣሚውን ሁለት አራዊት ባንድ ላይ ይደመስሳል። በሬውን ከታናሽ እኅቷ ከፈውዚያ ጋር «ጎተራ» ብለው ጠሩት። ወፏን «እትዬ ሳጂዳ» ያለቻት ፈውዚያ ናት፤ አክስታቸው ከይጁቤ መጥተው ጫማቸውን ሳያወልቁ መጋረጃው እንዲወርድ፣ አልጋው ከግድግዳ እንዲላቀቅ፣ ምንጣፉ ፀሐይ ላይ እንዲወጣ ስለሚያዝዙ፣ እሳቸው በገቡበት ቤት የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ። ሁለቱም የዚያን ምሽት ትራስ አፋቸው ላይ ይዘው ሲስቁ ነበር። ስሙ ግን ስልኩ ላይ አልተጻፈም። በስክሪኑ ላይ ወፏ ጌም ሠሪዎቹ የሰጧት የእንግሊዝኛ ስም ነው ያላት። እትዬ ሳጂዳ የምትባለው በቤታቸው ውስጥ፣ በሁለት እኅትማማቾች መካከል ብቻ ነበር።

ትናንት ይታያል ያወጣባት አንዲት ትንሽ ጦጣ ነበረች። ማንም የማይዛት፣ ሜዳ በገባችበት የመጀመሪያ ዙር ብቻ አንዱን አውሬ በጥፊ አስደንግጣ ተራውን የምታሳልፍበት፣ ከዚያ በኋላ ለምንም የማትረባ ጦጣ። ወፏን በጥፊ አለቻት፤ ነፋስ ሳይነሳ ቀረ፤ ጎተራም እዚያው እንደ ቆመ ተደብድቦ ወደቀ። ቀድሪያ እስከዚህ ጠዋት ድረስ ዕድል ነው ብላ ነበር።

ግጥሚያው የዋዛ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጌም የሚሠራ ድርጅት ከየከተማው ተጫዋቾችን እያወዳደረ ላሸነፉት የአምስት ወር ሥራ ይሰጣል፤ አዳዲስ ጌሞችን እየተጫወቱ ስህተታቸውን መልቀም ነው ሥራው፣ ማደሪያም አለው። ቀድሪያ በሂሳብ አያያዝ ተመርቃ በየመሥሪያ ቤቱ በር ማስታወቂያ ስታነብ ከኖረች በኋላ በስም የምትጠራበት ሥራ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከይታያል ጋር ሦስት ጊዜ ይጋጠማሉ፤ ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል። የመጀመሪያውን በሌላ አጀማመር እሷ አሸነፈች፤ የትናንቱን እሱ። የመጨረሻው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

አባቷ አቶ አብዱልቃኒ በረኪና ባነጣው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው በእጃቸው የመጣውን ጨርቅ ሁሉ ይዳብሳሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቴትሮኑን ከጥጡ በጣታቸው ነው የሚለዩት፤ ቀለሙንና ዋጋውን ሴት ልጆቻቸው ይነግሯቸዋል። ወሬ ይወዳሉ። ሁለት ሜትር የዩኒፎርም ጨርቅ ሊገዛ የመጣ ገበሬ የልጁን ስምና ያንን ዓመት የዘራውን እህል ሳይናገር አይሄድም፤ እሳቸውም የቤታቸውን ነገር አይደብቁትም። ቀድሪያ ምናልባት እሳቸው ይሆናሉ ብላ ተስፋ አደረገች። ለማን፣ በምን መንገድ ወደ ባሕር ዳር እንደሚደርስ አላሰበችውም፤ ብቻ እሳቸው ቢሆኑ ደስ ባላት። ስለ እትዬ ሳጂዳ ሰሞኑን ለሰው ያወሩት ነገር እንዳለ ጠየቀቻቸው። አባቷ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምን ሆነች?» አሉ። ምንም እንዳልሆኑ ብትነግራቸው አላመኑም፤ ጠዋት በማለዳ ስለ እኅት የሚጠየቅ ጥያቄ ደግ ነገር እንዳልሆነ ያውቃሉ። ይጁቤ እስኪደወልላቸው ድረስ አላረፉም። እትዬ ሳጂዳ ደኅና ነበሩ። ደኅና ከሆኑ ለምን እንደተደወለላቸው ግራ ገብቷቸው ወንድማቸውን ታመሃል ወይ እያሉ ደጋግመው ጠየቁ፤ ወንድማቸውም አንቺ ነሽ የታመምሽው እያሉ፣ ካርዱ እስኪያልቅ ተነታረኩ። በዚህ መሀል የመጣች ደንበኛ የአንሶላ ዋጋ ጠይቃ መልስ ሳታገኝ ሄደች። ቀድሪያ ያወቀችው ነገር ቢኖር አባቷ ስለ ወፏ ምንም አለመስማታቸውን ብቻ ነው።

ረፋድ ላይ ፈውዚያ መጥታ ሱቁን ተረከበቻት። ቀድሪያ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በላይ ወዳለው ወደ አምሳሉ ጌም ቤት ሄደች። የሱቁ አካባቢ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ግጥሚያዎቿን የምታደርገው እዚያ ነው፤ አምሳሉ ዋይፋይም፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪም አለው። ሰማዩ ደመና አዝሎ ከጮቄ ተራራ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይወርዳል፤ ባጃጆቹ መጋረጃቸውን አውርደዋል። አምሳሉ ወለሉን እየወለወለ ነበር። ሳጂዳ የሚል ስም ከእሷ ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ማን ናት አላት። ከዚያ ሳትጠይቀው ስለ ትናንቱ ጦጣ ያነሳው እሱ ራሱ ነው። የይታያልን ግጥሚያዎች ሲከታተል ጦጣ ይዞ አይቶት እንደማያውቅ፣ እንዲህ ያለችውን አውሬ ለማሳደግ ደግሞ ቢያንስ አራት አምስት ቀን እንደሚፈጅ ነገራት። «ልጁ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀሽ» አለ መወልወያውን እየጨመቀ። ክፉ ነገር የተናገረ አልመሰለውም።

ቀድሪያ ወደ ቤት እየወጣች ይህንን በሐሳቧ ታገላብጠዋለች። ከአምስት ቀን በፊት የወፏንና የበሬውን ነገር የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ፈውዚያ ጌሙን አትወደውም። የተማረችው እኅቷን ለማለማመድ ነው፤ ማታ ማታ በአባታቸው አሮጌ ስልክ የተጋጣሚውን ቦታ ይዛ ትቀመጥላታለች፣ ስትሸነፍ አትናደድም፣ ስታሸንፍም አትደሰትም። እንዲያውም ሁልጊዜ «መጀመሪያ እንዴት ልትጀምሪ አሰብሽ?» ብላ የምትጠይቃት እሷ ናት። ቀድሪያ ይህን ጥያቄ እንደ እርዳታ ነበር የምትሰማው። አሁን ከአብማ ማርያም በታች ባለው ዳገት ላይ ቆማ፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ ያው ጥያቄ በሌላ ድምፅ ሲመጣባት ራሷን ተቆጣች። እኅቷ ናት። በአንድ ማሕፀን አድረዋል፣ በአንድ ክፍል ይተኛሉ፣ በአንድ ሻርፕ ይፈራረቃሉ። ምን ልታገኝበት?

ፈውዚያ ምሳ ሠርታ ለመሄድ ሱቁን ለአባታቸውና ለጎረቤቱ አደራ ብላ ቀድማት ቤት ገብታ ነበር። ክፍላቸው ሁለት አልጋ ፊት ለፊት ተገጥሞበት ለመተላለፍ ጎን መስጠት የሚያስፈልግበት ጠባብ ክፍል ነው። በሁለቱ አልጋ ራስጌ መካከል የእናታቸው የልብስ ስፌት መኪና ጥልፍ ለብሶ ተቀምጧል፤ እናታቸው ካረፉ ጀምሮ ማንም አልሰፋበትም፤ ስልክ ቻርጅ የሚደረገው እሱ ላይ ነው። ሽሮውን መሀል አስቀምጠው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በሉ። ፈውዚያ ሽንኩርት እንደገና መወደዱን፣ አባታቸው ለእትዬ ሳጂዳ ለምን እንደደወሉ ጠይቃቸው ግራ የገባ መልስ እንደሰጧት አወራች። ቀድሪያ እያዳመጠቻት እንጀራዋን ቆረሰች። በዚህ ቤት እናታቸው ከሄዱ ወዲህ ብዙ ነገር በዝምታ ነው የሚታለፈው። ከዚያ ፈውዚያ እጇን እየታጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ እንደ ሁልጊዜው ጠየቀች።

«ዛሬስ እንዴት ልትጀምሪ አሰብሽ?»

ቀድሪያ ውሸቱን አላሰበችበትም ነበር፤ አፏ ላይ ተገኘ። ሳጂዳን ዛሬ እንደማታወጣት ነገረቻት። ከጎተራ ጋር የምታወጣው ኤሊዋን ነው። ኤሊዋ ተራውን ትገለብጠዋለች፤ ተራው ሲገለበጥ ቀርፋፋው ቀድሞ ይመታል፣ ፈጣኑ ይከተላል፤ ስለዚህ ነፋስም አያስፈልግ፣ ጦጣም ብትመጣ ከንቱ ናት። ፈውዚያ ጥቂት አሰበችና «ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ የአባታቸውን ምሳ በዘንቢል አድርጋ፣ ስልኳን ከስፌት መኪናው ላይ ነቅላ፣ አላህ ይርዳሽ ብላት ወጣች።

ቀድሪያ እዚያው አልጋ ላይ ቀረች። እኅቷን እንደ ሌባ ማጥመዷ አሳፈራት። ሐቁ የሚታወቅበት መንገድ ግን አሁን ግልጽ ነበር፤ ግልጽነቱ ነው ያስፈራት። ይታያል የዛሬውን የውሸት አጀማመር ካወቀ የሚያወጣው ቀርፋፎቹን ነው፤ ተራው ሲገለበጥ እሱም እንዲጠቀምበት። ካላወቀ ግን ትናንት ያሸነፈባትን ጦጣ ይደግማል። እሷስ ምን ታወጣለች? ቀርፋፎች ላይ የሚሠራው ያው የሳጂዳ ነፋስ ነው። ጦጣ ላይ ደግሞ ሳጂዳ ትናንት ምን እንደሆነች አይታለች። ስለዚህ ፈውዚያ ንጹሕ ከሆነች ቀድሪያ ትሸነፋለች፤ ፈውዚያ ከከዳቻት ታሸንፋለች። ሌላ ሦስተኛ፣ ለሁለቱም የሚሆን አጀማመር መፈለግ ትችል ነበር። ጊዜም ነበራት። ስልኩን አንስታ አራዊቷን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ መልሳ አስቀመጠችው፣ እንደገና አነሳችው። ማሸነፍ ትፈልጋለች። መሸነፍም ትፈልጋለች። የትኛውን አብልጣ እንደምትፈልግ ለራሷ መናገር አቃታት፤ ሰዓቱም ደረሰ።

በጌም ቤቱ ሁለት ተማሪዎች ጥግ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። አምሳሉ ለእሷ ከራውተሩ አጠገብ ወንበር አዘጋጅቶላት፣ ሻይ አስቀምጦላት፣ ከኋላዋ ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የይታያል ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። አራዊቷን መረጠች። ለመጀመሪያው ዙር ሁለቱን የምትነካበት ጊዜ ሲመጣ ጣቷ በኤሊዋ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወፏንና በሬውን ነካች። ሜዳው እስኪከፈት ድረስ ያለችው ጸሎት አጭር ነበር፦ ጦጣዋን አሳየኝ።

የወጡት አንድ ቀንድ አውጣና አንድ ጉማሬ ናቸው። በጌሙ ውስጥ ከእነዚህ የባሰ ቀርፋፋ የለም። ተራው እንደሚገለበጥ አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ሁለቱን ባንድ ላይ አያወጣቸውም፤ እንዲሁ ሜዳ ላይ ተቀምጠው መመታት ነው የሚሆኑት።

አምሳሉ ከኋላዋ ሳቀ። ልጁ ምን ነካው፣ አብዷል እንዴ አለ። ቀድሪያ አልሰማችውም። የትእዛዝ መስጫው ሰዓት ወደ ታች ይቆጥራል፤ እሷ የምታየው ቀንድ አውጣውን ነው፤ ጉማሬውን ነው። አምሳሉ ትከሻዋን ሲነካት ነቅታ የምታውቀውን ትእዛዝ ሰጠች። ወፏ ነፋሱን አስነሳች። በሬው ሁለቱ ቀርፋፎች ገና አንገታቸውን ሳያዞሩ ደረሰባቸው። በሚቀጥለው ዙርም እንደዚያው፤ ከዚያ በኋላ የቀሩት ሁለቱ ወጥተው ብዙም አልቆዩም። ተማሪዎቹ ሳይቀሩ ጨዋታቸውን ትተው መጥተው አጨበጨቡላት። ሻዩ ቀዝቅዟል። አመሰግናለሁ እያለች ነበር፤ ፊቷ ግን ምን እንደሚመስል ስላላወቀች መታጠቢያ ቤት የት ነው ብላ ጠየቀች፤ የት እንደሆነ ግን ታውቃለች።

ስትወጣ ይታያል ጽፎላት ነበር። ሁለታችሁ ተመካክራችሁ ነው የተጫወታችሁብኝ ይላል። እንዴት እንዳወቀ ጠየቀችው። እሱ እንዳልጠየቀ፣ እኅቷ ራሷ በውድድሩ የቴሌግራም ግሩፕ አግኝታው ባለፈው ሳምንት እንደጻፈችለት፣ መጀመሪያ ማታለል መስሎት እንደነበር፣ ትናንት ግን እውነት ሆኖ ስላገኘው ዛሬም እንዳመናት አስረዳ። ከዚያ «ጎበዞች ናችሁ፤ አምኛችኋለሁ» ብሎ ጨረሰ። ቀድሪያ አይደለም፣ አልተመካከርንም ብላ ጻፈችና ሳትልከው አጠፋችው። ለባዕድ ሰው ምን ብላ ታስረዳዋለች? እሷስ ገብቷት ነው? ወዲያው ከአዲስ አበባ ተደወለላት። ድምፅዋ የሚያምር ሴት እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት፤ ሥራው ግንቦት መጀመሪያ ላይ ይጀምራል፣ መስከረም መጨረሻ ያበቃል፣ በርትተው የሚሠሩትን ደግሞ ድርጅቱ ያስቀራቸዋል፤ መምጣት አለመምጣቷን እስከ ነገ እንድታሳውቅ። ቀድሪያ እደውልላችኋለሁ አለች። ይህን ስልክ ወር ሙሉ ስትጠብቀው ነበር።

ሱቁ ስትደርስ ፀሐይዋ ከደመናው ሥር ወጥታ የጨርቆቹን ጫፍ አብርታለች። አባታቸው ጎረቤታቸው እጃቸውን ይዞ መስጊድ ወስዷቸዋል። ፈውዚያ ባንኮኒው ላይ ሻርፖች እያጠፈች ነበር፤ ከእግሯ ድምፅ አውቃት ቀና ሳትል አሸነፍሽ ወይ ብላ ጠየቀች።

«አሸነፍኩ።»

የፈውዚያ እጅ ሻርፑ ላይ ቆመ። ከዚያ እጥፋቱን ጨረሰችው፤ ሌላ አነሳች። «የነገርሽኝን አልተጫወትሽም ማለት ነው» አለች።

«አልተጫወትኩም።»

ፈውዚያ ራሷን ነቀነቀች። አልካደችም፣ አልደነገጠችም፤ ቀድሪያ በመንገድ ላይ ለእንባም ለክርክርም የተዘጋጀችውን ሁሉ የምታደርግበት አጣች። ለምን ብላ ብቻ ጠየቀች። ፈውዚያ ለመናገር ሻርፖቹን ማጠፍ አላቆመችም፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም፤ አላፊ አግዳሚ ቢያያቸው ስለ ዋጋ የሚነጋገሩ ነው የሚመስሉት።

«እማማ ስትሞት ሁለታችንም ተማሪ ነበርን። አባባን የሚያይ ሰው ቤት ይቅር ተባለ። አንቺ የመጨረሻ ዓመትሽ ነው፣ እኔ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ትምህርትሽን አቋርጠሽ ቁሚልኝ፣ እኔ ልመረቅ፣ ከዚያ አንቺ ትመለሻለሽ አልሽኝ። ቆምኩልሽ። ተመረቅሽ። ከዚያ ሥራ ላግኝ አልሽ። ሥራው አልመጣም፤ እኔም አልተመለስኩም።»

«ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር።»

«ነግሬሻለሁ። ጥቅምት ላይ የምዝገባው ማስታወቂያ ሲወጣ ነገርኩሽ። ዘንድሮ ይለፍ ነው ያልሽኝ። ስልክሽን እያየሽ ነው ያልሽኝ።»

ቀድሪያ ይህን ለማስታወስ ሞከረች። ጥቅምትን አስታወሰች፤ ብርዱን፣ ሱቁን፣ አዲስ የመጡ ብርድ ልብሶችን። ፈውዚያ የጠየቀቻትን ግን አላገኘችውም። አልጠየቅሽኝም ለማለት ከንፈሯን ከፈተች፤ የእኅቷን ፊት ስታይ መጠየቋን አመነች፤ ራሷን ግን እዚያ ቦታ ላይ፣ ስልክ እያየች ዘንድሮ ይለፍ ስትል፣ ማየት አልቻለችም። የተከዳችው እሷ ነበረች፤ አሁን ግን በእኅቷ ላይ የምታነሳው ጥፋት እየፈለገች ነው። ለአንድ ልጅ፣ ለማታውቂው ሰው፣ አለች በመጨረሻ። ፈውዚያ ልጁ ማን እንደሆነ ግድ እንደሌላት፣ ለእሱ ብላ እንዳልጻፈችለት፣ ብትሸነፊ አትሄጂም ብላ ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። ትናንት ስትሸነፍ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ አይታ አዝናም እንደነበር ጨመረችበት። አዝና፣ ዛሬም እንደገና ጻፈችለት። እሷ ራሷም ይህን ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ የገባት መሰለች። ሻርፑን አስቀመጠችና እጇን ምን እንደምታደርገው አጣች።

አባታቸው በሩ ላይ ነበሩ። ጎረቤታቸው አድርሷቸው ሄዷል፤ እሳቸው በጣታቸው የበሩን ጠርዝ ይዘው ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ ማንም አላየም። ፈውዚያ ቶሎ ብላ በርጩማቸውን አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም። ምንድን ነው ነገሩ አሉ። የመለሰችላቸው ፈውዚያ ናት።

«ቀድሪያ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታለች፣ አባባ። ለአምስት ወር ብቻ ነው።»

ብቻ የሚለውን ቃል ስትል ወደ እኅቷ አልተመለከተችም፤ ቀድሪያ ግን ሰማችው። አባታቸው አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ቀጥለውም መቼ እንደምትመለስ ጠየቁ። ቀድሪያ ከአዲስ አበባ ደውላ የነበረችው ሴት ያለቻትን ሁሉ፣ የሚበረቱትን እንደሚያስቀሯቸውም ጭምር፣ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ነገሩን ስትናገረው ነው መወሰኗን ያወቀችው።

«መስከረም ሲያልቅ እመለሳለሁ» አለች። «ጥቅምት ላይ ፈውዚያ ትመዘገባለች። ሱቁንም እርስዎንም እኔ እይዛለሁ።»

«ካስቀሩሽስ?» አለች ፈውዚያ።

«ቢያስቀሩኝም እመጣለሁ።»

እውነቷን ይሁን አይሁን አታውቅም ነበር። አሁን፣ እዚህ፣ ፊታቸው ቆማ ስትናገረው እውነት ነው፤ መስከረም ላይ በሌላ ከተማ፣ በስሟ የምትጠራበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ምን እንደምትሆን ግን ማን ያውቃል? ፈውዚያም ያንኑ እያሰበች እንደሆነ ከዓይኗ ታየ። አባታቸው እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ባንኮኒውን አገኙ፤ መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ አሳረፉ። የትኛዋ ልጃቸው የት እንደቆመች በትንፋሿ የሚለዩ ይመስል አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ አዳመጡ።

«እኔ ሰምቻለሁ» አሉ። «ሁለታችሁንም ሰምቻለሁ።»

ቀድሪያ ደጅ ወጥታ ለአዲስ አበባዋ ሴት ደወለችና እመጣለሁ አለቻት። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው የወጡትን ጥቅሎች እያስገቡ፣ ፈውዚያ ከውጭ እያቀበለች፣ ቀድሪያ ከውስጥ እየደረደረች፣ ሱቁን ዘጉ። አባታቸውን መሀል አድርገው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ክንድ ይዘው ዳገቱን ያዙ። ነፋሱ ቆሟል፤ ከየቤቱ የራት ሽታ ይወጣል። መንገዱ ሲጋመስ ፈውዚያ ከወዲያኛው ወገን፣ ከአባታቸው ትከሻ በላይ፣ ልጁ ደነገጠ ወይ ብላ ጠየቀች።

«መጀመሪያ አልገባውም» አለች ቀድሪያ። «ኋላ ተመካክረን ያታለልነው መሰለው።»

ፈውዚያ ሳቀች። ሳቁ ሳታስበው ያመለጣት ነበር፤ ወዲያው በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፈነችው። አባታቸውም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ፈገግ አሉ። ቀድሪያ የእኅቷን ፊት ለማየት አንገቷን አስግጋ ነበር፤ ግን መሽቶ ስለነበር ስቃ መጨረሷን ወይም ማልቀስ መጀመሯን መለየት አልቻለችም፤ የአባቷን ክንድ ጠበቅ አድርጋ ይዛ ዳገቱን ቀጠለች።